የሲያትሉ መቶ አለቃና የተከለከለው መጠጥ

አንድን ነገር በዐዋጅ መከልከል ቀላል ነው፤ ክልከላውን ሕግ ሳይጥሱ ማስከበር ግን እጅግ ከባድ ነው። የዚህም ማስረጃ በመጠጥ ክልከላ ዘመን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በምዕራቡ ጠረፍ በምትገኘው በሲያትል ወደብ የሆነው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት መጠጥ ቤቶቹን የዘጋው በ1916 ነበር። ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ጀምሮ ደግሞ በ18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት የሚያሰክር መጠጥ መሥራት፣ መሸጥና ማጓጓዝ በመላው አገር ተከለከለ። በሰሜን በኩል በባሕር የምትጎራበተው ካናዳ ግን መጠጥ ወደ ውጭ መላክን አልከለከለችም።

በዚያ ጊዜ ሮይ ኦልምስቴድ የተባለ ሰው በከተማው ፖሊስ ውስጥ መቶ አለቃ ነበር። ዐዋጁ ከጸና ሁለት ወር እንዳለፈ፣ በማርች 1920፣ ከከተማው በስተሰሜን በባሕር ዳር መጠጥ ሲያራግፍ ስለ ተደረሰበት 500 ዶላር ተቀጥቶ ከሹመቱ ተሻረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርሱ ግን ተሾሞም ተሽሮም በላ።

ከሥራው እንደ ተባረረ ሙሉ ጊዜውን ለንግዱ ሰጠ። እርሱ 10,000 ዶላር፣ ሌሎች ዐሥራ አንድ ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው ማኅበር አቋቋሙ፤ ከትርፉም እኩሌታው የእርሱ ሆነ። ማኅበሩ ከሃምሳ የሚበልጡ ሠራተኞች፣ መርከቦች፣ የሒሳብ መዝገብ ያዥና ጠበቃ ሳይቀር ነበሩት። ካናዳ ወደ አሜሪካ በሚላክ መጠጥ ላይ በሣጥን 20 ዶላር ቀረጥ ስለ ጣለች፣ ጭነቱ ለሜክሲኮ ነው ተብሎ ይመዘገብና በአንዲት ደሴት ይራገፍ ነበር። ከዚያም በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ሲያትል ይገባል። አንዳንድ ጊዜ በቀን 200 ሣጥን ይታደል ነበር፤ የዓመቱም ሽያጭ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ነበረ በፍርድ ቤት ተመስክሯል። ሰዎቹ መሣሪያ እንዳይታጠቁ ስለ ከለከለና መጠጡንም ስለማይበርዝ፣ ከከተማው ሕዝብ ብዙው ክፍል እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ታማኝ ነጋዴ ያየው ነበር። ለፖሊሶችም ገንዘብ ስለሚሰጥ የሚይዘው አልነበረም።

የፌዴራሉ ሹማምንት ግን የስልኩን ሽቦ ጠልፈው ብዙ ወር አዳመጡ፤ የሰሙትም ቃል 775 ገጽ ሞላ። ይሁን እንጂ በዚያው ክፍለ ግዛት የስልክ ንግግር ጠልፎ መስማት ከ1909 ጀምሮ ራሱ ወንጀል ነበር። ስለዚህ ሕግ አፍራሹ የተያዘው በሌላ ሕግ አፍራሽነት ነው።

ኦልምስቴድ በ1926 አራት ዓመት እስራትና 8,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ይግባኙም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 4 ቀን 1928 አምስት ዳኞች በአራት ብልጫ ፍርዱን አጸኑ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ታፍት፣ ሽቦ መስማት የሰውን ቤት ሰብሮ እንደ መበርበር አይቈጠርም አሉ። ዳኛው ብራንዳይስ ግን፣ መንግሥት ወንጀለኛን ለመያዝ ብሎ ወንጀል ከሠራ ሕዝቡን ሕግ መናቅ ያስተምረዋል ሲሉ በብርቱ ተቃወሙ።

ጊዜ የፈረደው ለብራንዳይስ ነው። ክልከላው በዲሴምበር 5 ቀን 1933 ተሻረ፤ በ1935 የገና ዕለት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለኦልምስቴድ ምሕረት አደረጉለት፤ በ1967ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ የ1928ቱን ውሳኔ ተወው።

ነጋዴ ከዚህ የሚማረው፣ በሐሰት መግለጫ የተገኘ ትርፍ የቱንም ያህል ቢበዛ መጨረሻው ወኅኒ መሆኑን ነው። አስተዳዳሪ የሚማረው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የራሱ ዘበኛ የሚሸጠውን ዐዋጅ ሕዝብ አያከብረውም፤ ዐዋጁንም ለማስከበር ሌላ ሕግ የሚያፈርስ ሹም አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላውን ይከፍታል።