በፍሪሲዮን ቧንቧ ውስጥ የቀረ አየር

አዲስ ፍሪሲዮን የተገጠመለት መኪና፥ ፔዳሉ ሲረገጥ ኃይል አጥቶ ቢሰምጥና ማርሹ እየጮኸ አልገባ ቢል፥ ባለቤቱ የተገዛውን ዕቃ ለመንቀፍ አይቸኩል። ፍሪሲዮኑ በፍሬን ዘይት የሚሠራ ከሆነና በጥገናው ጊዜ ቧንቧው ተፈትቶ ከነበረ፥ አየር ገብቶበት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃልና የእግርን ኃይል በመንገድ ያስቀረዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ሰው ይሻል። ሞተሩ ይጥፋ፤ የዘይቱ ማጠራቀሚያም አምራቹ ባዘዘው ዘይት ይሞላ። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ ሁለተኛው በታችኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈትቶ መልሶ ያጥብቅ። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግር አይነሣ፤ ቢነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባልና። አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪወርድ ይህ ይደጋገም፤ ማጠራቀሚያውም በመካከሉ አይጉደል።

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ፤ ከንብረት ይልቅ ነፍስ ትበልጣለችና።