የማይታየው ስንጥቅ፦ ስለ ካርበን ፋይበር ብስክሌት ጥንካሬና ደኅንነት



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ያገለገለ የካርበን ፋይበር ብስክሌት ገዝታ ጥቂት ወራት ከነዳች በኋላ፣ ብስክሌቱ ከተደገፈበት ግድግዳ ተንሸራትቶ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ቀለሙ ላይ ከጥፍር ከማትበልጥ ጭረት በቀር ምንም አልታየም። «መምህር፣ ቁልቁለት ስወርድ ይሰበርብኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ወገን ካርበን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ አውሮፕላን የሚሠራበት ቁስ አንድን ሰው መሸከም እንዴት ያቅተዋል ብሎ ይሳለቃል። ሁለቱም ጥያቄውን የሳቱት ይመስለኛል።

ካርበን ፋይበር ስንል የምንናገረው በእርግጥ ስለ ሁለት ቁሶች ጥምረት ነው። አንደኛው ውፍረቱ 7 ማይክሮሜትር ያህል የሆነ፣ ከሰው ፀጉር እጅግ የሚቀጥን ቃጫ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃጫዎቹን አያይዞ የሚያቆማቸው ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ ነው። አባቶቻችን የጭቃ ቤት ሲመርጉ ጭድን ከጭቃ ጋር ያቦኩ የነበረው በዚሁ መርሕ ነው። ቃጫዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የተዘረጉበት ንጣፍ በቃጫዎቹ አቅጣጫ ሲጎተት ከ1,500 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል፤ በአግድም ሲጎተት ግን 100 ሜጋፓስካል እንኳ ሳይደርስ ይሰነጠቃል፤ በዚያ አቅጣጫ ሸክሙ የሚያርፈው በሙጫው ላይ ነውና። ስለዚህ መሐንዲሱ ንጣፎቹን እንደ ኮምፔንሳቶ በተለያየ ማዕዘን ይደራርባቸዋል። የአንድ ብስክሌት ጥንካሬ እንግዲህ በቁሱ ስም ሳይሆን በዚህ አደራረብ ላይ የተመሠረተ ነው። «ካርበን ጠንካራ ነውን?» ብሎ መጠየቅ «ድንጋይ ቤት ጠንካራ ነውን?» ከማለት ብዙ አይለይም፤ ማን እንደገነባው መጠየቅ ይቀድማል።

በአግባቡ የተሠራ ፍሬም ለታሰበለት ሸክም ይበቃል። አይኤስኦ 4210 የተባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደረጃ፣ ፍሬም በፔዳል ረገጣ ዓይነት ኃይል 100,000 ጊዜ እየተፈተነ ሳይሰነጠቅ እንዲዘልቅ ይጠይቃል። በተደጋጋሚ ሸክም ከሚመጣው የቁስ ድካም አንጻር ካርበን ከአልሙኒየም የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በፓሪስ–ሩቤ ውድድር ላይ አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ሲጋልብ መሪው በድንገት ተላቅቆ በእጁ ቀረና ወደቀ፤ ትከሻውም ተጎዳ። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ጣቱን ወዲያው በካርበኑ ላይ ይቀስራል። የተሰበረው ግን ሹካውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ነበር፤ ቱቦውም አልሙኒየም ነበር።

ታዲያ ስጋቱ ከየት ይመጣል? ከአሰባበሩ ነው። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይጎብጣል፣ ይጨረማመታል፤ ባለቤቱም አይቶ ይጠነቀቃል። ካርበን ግን እስኪሰበር ድረስ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስ ቁስ ነው። ከጎን በድንጋይ ሲመታ ላይኛው ገጽ ገባ ብሎ መልሶ ይቃናል፤ በውስጥ ያሉት ንጣፎች ግን እርስ በርስ ይላቀቃሉ። የተላቀቁ ንጣፎች ሲጎተቱ ብዙ ጉድለት ላያሳዩ ይችላሉ፤ ሲጨመቁ ግን መደጋገፊያ ስለሌላቸው እያንዳንዳቸው በቀላሉ ይታጠፋሉ። እንዲህ የቆሰለ ቱቦ ሳምንታት አገልግሎ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል።

የአውሮፕላኑ ንጽጽርም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርበን ፋይበርና ከመሰል ጥምር ቁሶች የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ሲነደፍ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይዞም ሙሉ ሸክሙን እንዲችል ተደርጎ ነው፤ የደረሰበት ግጭት በመዝገብ ይሰፍራል፤ የተጠረጠረው ቦታ በአልትራሳውንድ ይመረመራል። ብስክሌት ግን መዝገብ የለውም። ሁለተኛው ገዥ የሚያገኘው ምናልባት ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ የመጣ፣ ያለፈ ታሪኩ የተሰወረ ዕቃ ነው።

በጋራዥ የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። የኮርቻውን ቱቦ የሚያጠብቀው ቡሎን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው 5 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ረጅም መፍቻ በጠንካራ ክንድ ሲጠመዘዝ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያልፋል። ቱቦው ተንሸራተተ ተብሎ ቡሎኑ ይበልጥ ይጠብቃል፤ የተንሸራተተው ግን አንዳንዴ ግራሶ ስለተቀባ ነው። ለካርበን የሚስማማው አሸዋማ ቅባት ነው።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ጀበና የሚገዛ ሰው አንኳኩቶ እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ በጭረቷ ዙሪያ በሳንቲም ቀስ እያልን አንኳኳን። ጥርት ያለው ድምፅ ጭረቷ አጠገብ ሲደርስ ደነዘ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የቱቦው ውፍረት በሚለዋወጥበት ቦታም ድምፅ ይለወጣል። ስለዚህ ከወዲያኛው ጎን ትክክለኛ አቻውን ቦታ አንኳኳን፤ እዚያ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። «ይሰበራል አልልሽም፤ ምን ያህል እንደሚሸከም ግን እኔም አንቺም አናውቅምና እስክንመረምረው አትንጂው» አልኋት። በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ በጥፍር ልክ ከነበረችው ጭረት ሥር የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቦታ ንጣፎቹ ተላቅቀው ተገኙ።

ፍሬሙ ሊጠገን የሚችል ነበር፤ የተጎዱት ንጣፎች በሰፊው ተፍቀው በቀድሞው ማዕዘን አዲስ ንጣፍ ይደረብባቸዋል። ጉዳቱ በሹካው ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ሌላ በሆነ ነበር፤ ያን ጠግነሽ ንጂው አልላትም ነበር።