በለስና ጽጌረዳ በአንድ ግቢ

መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው ሰው ክረምት ሲገባ ችግኝ መሸጫ ጎራ ማለቱ አይቀርም። ጽጌረዳ፣ ቡገንቪሊያ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ለአጥር የሚሆን የፈረንጅ ጽድ ያነሳል፤ ዓይኑ ካረፈበት አንድ የበለስ ችግኝም ይጨምራል። ቁልቋሉን ሳይሆን ቅጠለ ሰፊውን፣ የሾላንና የዋርካን ዘመድ ማለቴ ነው። ቤቱ ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ረድፍ ይተክላል፣ እኩል ያጠጣል፣ እኩል ፍግ ያለብሳል፣ በአንድ መቀስ ይከረክማል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጽጌረዳው ይፈካል፣ በለሱ ቅጠል ብቻ ይሆንና «አያፈራም» ተብሎ ይቆረጣል። በለሱ ግን የተደረገለትን ነው የመለሰው።

በለስ አበባ የለውም የሚባለው ከውጭ ስለማይታይ ነው። ፍሬ የምንለው ራሱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ጉባኤ ነው፤ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡን ሞልቶ የሚታየው ክር መሰል ነገር በመቶዎች የሚቆጠር ጥቃቅን አበባ ነው። ዋርካና ሾላም እንዲሁ ናቸው። ወደነዚህ አበቦች የምትደርሰው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት። በፍሬው ጫፍ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ስትሾልክ ክንፏ ይቀነጠሳል፤ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። የዋርካዋ ተርብ ሌላ፣ የሾላዋ ሌላ ነች። ለግቢ የሚተከለው በለስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተርብ የሚያፈራው ዓይነት ስለሆነ ባለቤቱ ስለ ተርብ አይጨነቅም። የሚያስጨንቀው መቀሱ ነው።

ጽጌረዳ በተቆረጠ ቁጥር ከጉጡ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም ጫፉ ላይ አበባ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ መቀንጠስ፣ ክረምቱ እንደወጣም ጠበቅ አድርጎ መግረዝ ይስማማዋል። በለስ ፍሬውን የሚቋጥረው በቅጠሉ ብብት ሥር ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር ባለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ዋናውን ዙር በዘንድሮው ቀንበጥ ላይ። እንደ አጥር ጫፍ ጫፉን የከረከመው ሰው ምርቱን አብሮ ከርክሞ ጣለ ማለት ነው። ደረቁንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ማውጣት ይበቃዋል። ያም ቢሆን በባዶ እጅ አይሆንም፤ ከቁራጩ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል።

ቀጥሎ የሆድ ጉዳይ አለ። ጽጌረዳ በላተኛ ነው፤ አበባ ባወጣ ቁጥር ፍግ ቢደገምለት አይጠላም። በለስ ግን ለጤፍ ከተገዛው ዩሪያ የተረፈው እፍኝ ሥሩ ሲበተንለት ባለቤቱ ደስ እስኪለው ይለመልማል፤ ቅጠሉ መዳፍ ያህል ይሰፋል፣ ፍሬው ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በደንብ ከጠጣ በኋላ አልፎ አልፎ፣ ሲጠጣም ጠልቆ ቢጠጣ ይሻለዋል። ከአበባዎቹ መካከል በዚህ ጠባይ በለስን የሚመስለው ቡገንቪሊያ ነው፤ እሱም ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛል፣ ትንሽ ሲጠማ ግን ግድግዳውን በቀለም ይሸፍነዋል።

ይህ ሁሉ የትም አገር ይሠራል። መካነ ሰላም ላይ ግን ከመቀስና ከፍግ በፊት የሚወስነው ከፍታው ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የተቀመጠችው 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ የጉንደወይንን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር መንገድ ላይ ጋቢውን ማውለቁ አይቀርም። የሾላ ወገኖች ቤታቸው ወደዚያ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ነው፤ የሜዳው ደጋ ዳርቻቸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው አለ። በለስ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከደጋችን የባሰ ብርድ ችሎ ይኖራል፣ ታዲያ እኛ ጋ ምን ሆነ? እዚያ ብርዱ የሚመጣው በወቅቱ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ተኝቶ ይጠብቀዋል፤ የተኛ በለስ ከዜሮ በታች በርካታ ዲግሪ ይችላል። እኛ ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ዛፉ በቀኑ ሙቀት ተታሎ አይተኛም፤ ለምለም ቀንበጥ እንዳወጣ የሌሊቱ ውርጭ ያገኘዋል። ጠዋት ጫፉ ጠቁሮ ይታያል። ክረምት ላይም ደመናው ሲውል ሲያድር ፍሬው ሳይበስል አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል።

ይኸው ቀዝቃዛ ሌሊት ጽጌረዳን ያሳምረዋል። የአበባ እርሻዎቻችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሆለታን በመሰለው ደጋ የሚመረተው ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ዝዋይ ላይ ሙቀቱ ስለሚያቻኩለው ያንሳል። የደጋው ጽጌረዳ ጠላት ክረምቱ ነው፤ አየር በማያገኝ ጥግ ከተተከለ ቅጠሉ አመድ የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል፣ ጥቁር ነጥብ ያወጣና ይረግፋል። የጥብስ ቅጠልም ዋልካ አፈር ላይ ክረምቱን መሻገር ይቸግረዋል፤ ብርዱ ሳይሆን በሥሩ የተኛው ውሃ ያበሰብሰዋል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ይፈልጋል።

በለስን እዚያው ደጋው ላይ መሞከር የፈለገ ሰው ወደ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ይፈልግ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፣ ሌሊት ይመልሳል። ግን የበለስ ሥር ውሃ ፍለጋ ሩቅ ስለሚሄድ መሠረትና ቧንቧ አጠገብ መሬት ላይ መትከል ጥሩ አይደለም። ታቹ የተበሳ ግማሽ በርሜል ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ሥሩ ሲጠበብ ዛፉ እንጨት መሥራቱን ትቶ ቶሎ ያፈራል። ችግኝ ካልተገኘ አውራ ጣት የሚያህል፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ወተቱ እስኪደርቅ አቆይቶ መትከል ይበቃል። ዘመዱ ጭብሃም በዚሁ መንገድ ይባዛል፤ ለአጥር የተቸነከረ እንጨቱ ሥር ሰድዶ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉም በበጋ ለከብት ይደርሳል። ዋርካን ግን ግቢ ውስጥ ማሰብ የለብንም። ጥላው ገበያ የሚያስቀምጥ ዛፍ ለአደባባይ ነው የሚሆነው።

ለጌጥ የሚሆነውን ቁጥቋጦ ከሩቅ ማምጣታችን ነው የማይገባኝ። ቀጋ የገዛ አገራችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ያምራል፣ ቀይ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ እሾሁም አጥር ነው። ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው የደንቆሮ ጫካ ደጋ የሚበቅለው አምጃም ቢጫ አበባው ውርጭ አይፈራም። የአምጃ ዘመዶች አውሮፓ ውስጥ ለግቢ ጌጥ ይሸጣሉ፤ እኛ ጋ የአምጃን ዘር ለቅሞ የሚያፈላ ችግኝ ጣቢያ ቢኖር ገዢ የሚያጣ አይመስለኝም።