የሰሊጥ ዘይቱ ንጹሕ ነው? ዋጋውን ጠይቁት

ከምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከአብርሃ ጅራና ከመተማ አካባቢ የሚጫነው ሰሊጥ አብዛኛው ጉዞው ወደ ውጭ ገበያ ነው፡፡ ስለዚህም አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ‹‹ንጹሕ የጎንደር ሰሊጥ ዘይት›› የሚል ጠርሙስ ሳይ፣ ከጽሑፉ በፊት የምመለከተው ዋጋውን ነው፡፡

ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ቢሆንም መጭመቂያው ሁሉንም አያወጣም፤ የተረፈው ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፡፡ አንድ ሊትር ለማግኘት ከሁለት ኪሎ በላይ ሰሊጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡ የኪሎውን የገበያ ዋጋ ጠይቁና በሁለት አባዙት፡፡ ሊትሩ ከዚያ በእጅጉ ከረከሰ፣ ነጋዴው ለእናንተ ብሎ አይከስርምና፣ ሌላ ዘይት መቀላቀሉን መጠርጠር ተገቢ ነው፡፡

የተቀላቀለው ርካሹ የፓልም ዘይት ከሆነ ማቀዝቀዣ ያጋልጠዋል፡፡ በብርጭቆ ጥቂት ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ፓልም ይረጋል፣ ሰሊጥ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል፡፡ በሱፍ ወይም በአኩሪ አተር ዘይት ለተበረዘ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ እነሱም አይረጉምና፡፡

ጥቁረቱም ማስረጃ አይሆንም፡፡ ከእስያ የሚመጣው ጠቆር ያለው ዘይት ፍሬው ተቆልቶ የተጨመቀ ነው፤ ሳይቆላ የተጨመቀው ፈዛዛ ቢጫ ነው፡፡

ዋጋው ለከበደው፣ የእኔ ምርጫ የወለጋ ሰሊጥ ዘይት ነው፡፡ የሁመራና የጎንደር ፍሬ በነጭነቱና በጣዕሙ ለዳቦና ለጣፋጭ ስለሚፈለግ ይወደዳል፤ የወለጋው በገበያ የሚታወቀው ለዘይትነቱ ነው፡፡ የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን ምረጡ፤ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆመውን ግን እለፉት፡፡