ቀበሮውን ለኋላ ዴስክ የሚያሳይ ካሜራ

ፓት ሃቺንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሮዚስ ዎክ» የተባለ የልጆች መጽሐፍ በጠቅላላው 32 የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ አሉት። ቃላቱ የሚነግሩን አንዲት ዶሮ ከቤቷ ወጥታ፣ ግቢውን ዞራ፣ ለእራት መመለሷን ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ሌላ ጉድ አለ፦ ከዶሮዋ ኋላ ኋላ ቀበሮ እየተከተላት ነው። ሊይዛት ሲዘል ባለጥርሱን የሣር መሰብሰቢያ ይረግጥና እጀታው ተነሥቶ አፍንጫውን ይለዋል፤ ቀጥሎ ኩሬ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ ዱቄት ይደፋበታል። ጽሑፉ ስለ ቀበሮው ትንፍሽ አይልም።

ይህን መጽሐፍ ስድሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ማንበብ ምን እንደሚመስል አስቡት። መምህርቷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ግራና ቀኝ ታዞራለች። የፊት ዴስክ ይስቃል፤ የኋላው አንገቱን ያሰግጋል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሰማው ምንም ያልገጠማት ዶሮ ሽርሽር ወጥታ መመለሷን ብቻ ነው። «ልጆቹ ንባብ አይወዱም» የሚሉ መምህራን መጀመሪያ ኋላ ዴስክ ሄደው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር።

ዶክመንት ካሜራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በክንድ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ገጽ ከላይ እያየ ወደ ፕሮጀክተር ወይም ወደ ቴሌቪዥን ይልካል፤ ሥራው ይኸው ነው። የድሮው ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የሰፈረውን ብቻ ስለሚያሳይ ለሥዕል መጽሐፍ አይሆንም ነበር። የጃፓኑ ኤልሞና የኦስትሪያው ዎልፍቪዥን ዶክመንት ካሜራቸውን በ1988 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ የፎቶኪና ትርኢት ላይ አቀረቡ። አሜሪካ ውስጥ ማንም ይሥራው ማን ዕቃውን «ኤልሞ» ብለው የሚጠሩ መምህራን ዛሬም ሞልተዋል። እኛ ጋ ግን ብዙም አይታወቅም፤ ካለም ለወላጆች ስብሰባ ወጥቶ ተመልሶ ቁም ሣጥን ይገባል።

ስለ ዕቃው ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «ፕሮጀክተሩ ካለ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ማሳየት አይሻልም?» አይሻልም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የፕላዝማ ትምህርትን አይረሳም። በቴሌቪዥን የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያስተምራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ገና ደብተር ሳይገለጥ መልሱን ራሱ ይናገራል። የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ያያል። ችግሩ የስክሪኑ መኖር አልነበረም፤ ስክሪኑ ማንንም አይጠብቅም ነበር። ቪዲዮ ከፍቶ ወደ ቢሮው የሚሄድ የዛሬ መምህርም ያንኑ ፕላዝማ መልሶ ማምጣቱ ነው።

የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሁሉ ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም። በሆላንድ እነ አድሪያና ባስ በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ ከታሪኩ ጋር የሚሄድ እንቅስቃሴና ድምፅ ልጆች ታሪኩን እንዲረዱ እንደሚያግዝ፣ በየገጹ የሚሰገሰገው የመነካካት ጨዋታ ግን ሐሳባቸውን እንደሚበትን አግኝተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ መጽሐፍ እየተነበበላቸው የትናንሽ ልጆችን ዓይን ተከታትሎ፣ ልጆቹ ፊደሉን እምብዛም እንደማያዩና ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ እንደሚያርፍ አሳይቷል። ስለዚህ ሥዕሉ ካልታያቸው ምኑን ሊያዩ ነው?

ቪዲዮ የሚነጥቀን ትልቁ ነገር የገጽ መግለጡን ነው። ሃቺንስ አደጋውን በአንዱ ገጽ፣ ውጤቱን በሚቀጥለው አድርጋዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ይህንኑ መጽሐፍ በካሜራው ስታነብ አይቻለሁ። ቀበሮው አየር ላይ ነው። የገጹን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ ትንሽ ብድግ አደረገችና ቆመች። ጣቶቿ ስክሪኑ ላይ በር ያህላሉ። «ቲቸር! ሊረግጠው ነው! ሊረግጠው ነው!» ክፍሉ ተናወጠ። እሷ አልገለጠችም። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «ዶሮዋ አታውቅም እንዴ?» አለ። አንዲት ልጅ ዞር ብላ «ታውቃለች፤ እያወቀች ነው ዝም ያለችው» አለችው። መምህርቷ ማንንም ትክክል ነህ፣ ተሳስተሻል አላለችም፤ የዶሮዋን ዓይን ስክሪኑን እስኪሞላው አጎላችውና «እስቲ እዩ» አለች። ክርክሩ እስከ ደወል ዘለቀ። ይህን ያህል የሚያናግር ቪዲዮ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ማጉላቱ ለፊደልም ይጠቅማል። ቡ እና ቢ የሚለዩት ቅጥያዋ ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ይህችን የምታህል ልዩነት ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ማንም አያያትም። ስክሪኑ ላይ በጣት ሲጠቆም ግን ክፍሉ በሙሉ ያያታል።

አንዳንዶች መጽሐፉን አንዴ ስካን አድርገው ፒዲኤፉን ያሳያሉ። እባካችሁ ተዉ። የባለመብቱ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ የኤሪክ ካርል «የተራበችው አባጨጓሬ» ገጾቹ በእውነት የተበሱ ናቸው፤ ስካን ሲደረግ ቀዳዳው ክብ ነጠብጣብ ይሆናል። በካሜራው ሥር ግን የመምህርቷ ጣት በቀዳዳው ገብቶ በወዲያኛው ገጽ ብቅ ሲል ልጆቹ ያያሉ።

የአጠቃቀም ግድፈቶችም አሉ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የካሜራውን መብራት ማብራት ሥዕሉን ነጭ ያደርገዋል፤ አጥፍታችሁ ከመስኮት በኩል ብርሃን ስጡት። እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እንዳይደበዝዝ ፎከሱን ቆልፉት። ስክሪኑን እያያችሁ ለልጆች ጀርባ አትስጡ፤ መጽሐፉ ፊታችሁ ነው። ንባቡ ሲያልቅ ደግሞ መጽሐፉን ቢሮ ቆልፋችሁ አትሂዱ፤ ልጆቹ ቀበሮውን በእጃቸው ይፈልጉት።

የአማርኛ መጽሐፍ የለም ማለትም ሰበብ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈተ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ «ሬዲ ሴት ጎ» የሚባሉት አጫጭር የሥዕል መጻሕፍትም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ካሜራው ካለ አንድ ቅጂ ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ካሜራ መግዣ ለሌለው ትምህርት ቤት ምስል በገመድ ማውጣት የሚችል ስልክ ይሠራል። ሁለት የደብተር ቁልል ግራና ቀኝ አድርጋችሁ በላያቸው ማስመሪያዎች ዘርጉ፤ ስልኩን ካሜራው በማስመሪያዎቹ መሃል ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ አስተኙትና ከፕሮጀክተሩ ጋር በገመድ አገናኙት። ምስሉ ተገልብጦ ከመጣ የሚዞረው መጽሐፉ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ የባንክ መልእክት ሥዕሉ ላይ ብቅ ይልና ማንበብ የቻሉት ልጆች ቀሪ ሂሳባችሁን ጮክ ብለው ያነቡላችኋል።