ቪትዝ ስንት ሴንቲ ላይ ትንሳፈፋለች?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የግቢያችን ዘበኛ መስኮቴን ደበደበው። «ጋሼ፣ መኪናዋ ሄደች!» ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አምሽቷል። ሌባ ነው ብዬ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ሌባ የለም። ግቢው ኩሬ ሆኗል፤ ቪትዟም ካቆምኳት ቦታ ተነሥታ፣ አፍንጫዋን ወደ ኩሽናው አዙራ፣ ግድግዳውን ተደግፋለች። የእጅ ፍሬኗ እንደተያዘ ነው። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው።

ታዲያ ማን ነዳት? ለዚህ መልስ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም፤ ልብስ የሚያጥቡበት ሳፋ ይበቃል።

ሳፋውን ግማሽ ድረስ ውሃ ይሙሉና ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ያስቀምጡበት። ብረት ነው፤ ግን ይንሳፈፋል። አሁን አሸዋ በማንኪያ ይጨምሩበት። በየማንኪያው ትንሽ ትንሽ ይጠልቃል እንጂ ወዲያው አይሰምጥም። ገፍቶ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እስኪተካከል ይወርዳል፤ ሲተካከል ይቆማል። አርኪሜደስ ይህን ከደረሰበት ከ2,200 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቪትዝም ጎማ ያለው የሳርዲን ቆርቆሮ ናት። ክብደቷ 1 ቶን ገደማ ነው። ርዝመቷን በወርዷ ብናባዛ ወደ 6 ካሬ ሜትር ይመጣል። ውሃው ከሆዷ በላይ 1 ሴንቲ በጨመረ ቁጥር 60 ሊትር ያህል ውሃ ቦታውን ይለቅላታል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። ለጎማዎቹ ጎድጓዳ ቦታና ለክብ አፍንጫዋ እንቀንስላትና 50 ኪሎ እንበል። 1,000 ኪሎ ለማንሳት 20 ሴንቲ በቃ ማለት ነው። ሆዷ ከመሬት 15 ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል። ድምሩ 35 ሴንቲ፤ ጉልበትዎ እንኳ አይደርስም።

ከዚያ በፊትም ደህና ናት ማለት አይደለም። 25 ሴንቲ ላይ ግማሽ ክብደቷ ጠፍቷል፤ ጎማዋ መሬቱን የሚይዘው በቀረው ግማሽ ብቻ ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። ሞተሩ ፊት ስለሆነ መጀመሪያ የሚነሣው ኋላዋ ነው፤ የእኔዋም ዞራ የተገኘችው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ክረምት ሲመጣ መኪናውን በትልቅ ላስቲክ ጠቅልሎ ያስራል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ጭቃውም ሽታውም ከወንበሩ ይርቃል። ግን ውሃ የማያስገባ መኪና የበለጠ ጥሩ ጀልባ ነው። በየበሩ ጎማ የምታፈስ አሮጌ መኪና ውስጧ ውሃ ስለሚገባ ቀስ ብላ ትከብድና ቦታዋ ላይ ልትቀር ትችላለች፤ የተጠቀለለችው ግን ፏ ብላ ትሄዳለች። ላስቲክ ከጠቀለሉ ገመድም ያስፈልግዎታል። በሳርዲኑ ይሞክሩት፤ ሥሩን በምስማር ይብሱትና ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ይመልከቱ።

ባዶ ሮቶም እንዲሁ ነው። ግቢዎ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ክረምቱን ሮቶዎን ሞልተው ያሳድሩት፤ ባዶው ቧንቧውን ገንጥሎ ይነሣል።

የቆመችውን እዚህ ላይ እንተዋትና የምትነዳዋን እንይ። ብዙ ሰው ውሃ በማርሚታ ይገባል ብሎ ይፈራል። ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ማርሚታው ወደ ውጭ ይተፋል፤ የሚያሰጋው የሚስበው አፍ ነው። ያ አፍ ኮፈኑን ሲከፍቱ ከፊት በኩል፣ ከመብራቱ አካባቢ ወደ ፊልትሮው የሚሄደው ጥቁር ቱቦ ነው። ነገ ጠዋት ይፈልጉትና ከመሬት ስንት ሴንቲ እንደሆነ ይለኩ። 1.3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በዚያ አፍ እስከ 1,300 ሊትር አየር ይምጋል። ከፊቱ ውሃ ካገኘም ውሃውን ይምጋል።

ውሃ ቢጠጣስ? መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ። አየር ስበው ጫፉን በአውራ ጣትዎ ይድፈኑና ይጫኑት፤ እንደ ስፖንጅ ይገባል። አሁን በውሃ ይሙሉትና ይድገሙት። ድንጋይ ነው! ፒስተን ወደ ላይ ሲመጣ ያገኘውን አየር ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይጨብጠዋል። ያን ጊዜ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ ነው። ከዚያ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፤ ሞተሩ ግን በጉልበቱ መዞሩን አይተውም። የሚታጠፈው ፒስተኑን ከሥር የያዘው ቢዬላ ነው። ሙሉ ሞተር በአንድ ሲኒ ውሃ ይበላሻል ማለት ነው።

ስለዚህ ውሃ መሃል ሞተሩ ቀጥ ካለ፣ ቁልፉን ደግመው አያዙሩ። እባክዎ። ሁላችንም እጃችን ወደ ቁልፉ ይሮጣል፤ ግን ከመጀመሪያው የተረፈ ሞተር በሁለተኛው ሙከራ ሊበላሽ ይችላል። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ነቅሎ ሞተሩን ሲያዞረው ውሃው በቀዳዳዎቹ ፊጭ ብሎ ይወጣል፤ ምናልባት በዚያው ትድናለች።

ፍጥነትም ሌላ ወጥመድ ነው። እጅዎን ሳፋው ውስጥ አቁመው በፍጥነት ይግፉት፤ ከፊቱ ውሃው ሲቆለል ያያሉ። መኪናም ስትሮጥ 20 ሴንቲውን ውሃ ራሷ ቆልላ ወደ ኮፈኗ ታስገባዋለች። በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይቆሙ፣ በእግረኛ እርምጃ። ውሃው የሚሮጥ ከሆነ ግን ከነጭራሹ አይግቡ፤ መመለስ ይሻላል። ገብተው ከተያዙም መጀመሪያ ቀበቶ ይፍቱ፣ ወዲያው መስኮት ያውርዱ። በሩ ለምን እንደማይከፈት አሁን እነግርዎታለሁ።

አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ በአንድ ጎኑ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይብሱት፤ በፕላስተር ሸፍነው ውሃ ይሙሉትና ፕላስተሩን ይላጡ። የላይኛው እያለቀሰ ይወርዳል፤ የታችኛው ተተኩሶ ይወጣል። ውሃ የሚገፋው በጥልቀቱ ነው። ስፋቱ አይቆጠርም፤ በደጃፍዎ ላይ የተጠራቀመው 30 ሴንቲ ውሃ ግቢዎን ቢያክል ወይም ጣናን ቢያክል በርዎ ላይ ያው ነው። 90 ሴንቲ ስፋት ባለው በር ላይ 30 ሴንቲ ውሃ በ40 ኪሎ ገደማ ይገፋል። 60 ሴንቲ ሲሆን 80 እንዳይመስልዎ፤ 160 ነው። የመኪናዎን በር ከውጭ የያዘውም ይኸው ነው።

የቤትዎን ደጃፍ ለመዝጋት አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። (ከረጢቱን ሁላችንም «ማዳበሪያ» የምንለው መጀመሪያ ይዞት በመጣው ነገር ነው፤ ዛሬ አሸዋም ከሰልም ቢሞላ ስሙ አልተቀየረም።) ስህተቱ ጥርቅም አድርጎ ሞልቶ መስፋት ነው። እንደ ድንች የተወጠረ ማዳበሪያ ከጎረቤቱ ጋር አይተቃቀፍም፤ በመካከላቸው ውሃው ይሾልካል። ከግማሽ ትንሽ አልፈው ይሙሉት፣ አፉን ወደ ሥሩ አጥፈው ያስተኙት፣ በእግርዎ ይርገጡት። የላይኛውን ረድፍ እንደ ብሎኬት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሳርፉ። በውጭ በኩል ላስቲክ ያንጥፉበት፤ ውሃው ራሱ ላስቲኩን ማዳበሪያው ላይ ይለጥፍልዎታል። ጠላትዎን ግንበኛ አድርገው ቀጠሩት ማለት ነው።

ግን እኔ በሩን እንዲህ አሳምሬ ዘግቼ፣ ውሃው በሻወር ቤት ነው የመጣብኝ።

ግንበኞች ወለል ሲያስተካክሉ አይተው ያውቃሉ? ብርጭቆ የመሰለ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ይይዛሉ። ቱቦው በመሃል ቢጠማዘዝ፣ ግድግዳ ቢዞር፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ውሃው እኩል ይቆማል። ውሃ ልክ ይሉታል። የሻወርዎ ወለል ላይ ያለችው ቀዳዳና መንገድ ላይ ያለው ማንሆልም በቱቦ የተገናኙ የአንድ ውሃ ልክ ሁለት ጫፎች ናቸው። ማንሆሉ ሞልቶ ከወለልዎ በላይ ከቆመ፣ ውሃው በሻወር ቤትዎ በኩል ልኩን ፍለጋ ይመጣል። ሽታ እንዲያግድ በቀዳዳዋ ሥር የታጠፈው ሲፎን ይህን አያቆመውም።

መላው ቀላል ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ 60 ሴንቲ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቁረጡና፣ ዙሪያውን በጎማ አጥብቀው ቀጥ አድርገው ይትከሉት። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ይወጣል፣ ከማንሆሉ ጋር ይተካከላል፣ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አላመንኩም ነበር። አፉ ክፍት ነው፤ ግን አይፈስም። ማንሆሉ ላይ ያለው ውሃ ከቧንቧው ጫፍ ከበለጠ ግን ይፈሳል፤ ያኔ ትግሉን ይተዉት። እግርዎን ውሃ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ያውርዱ። ይህ ቀልድ የለውም።

ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ ካሉ ጣራዎን ይዩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ 15 በርሜል፣ ከአንድ ጣራ። የአዲስ አበባን ጣራዎች ሁሉ ይደምሩና፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን ቁልቁለት ያስቡት። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረውን ዛሬ ሲሚንቶው ወደ ታች ቤቶች ያስተላልፈዋል።

ውሃው ሲሸሽ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ትቶ ነበር። ሠራተኛዋ ልታጥበው ስትል አስቆምኳትና ከሰፈራችን ግንበኛ ያንን ላስቲክ ቱቦ ተዋስኩ። አንዱን ጫፍ መስመሩ ላይ፣ ሌላውን ግቢው ውስጥ እያዞርን ለካን። ደጃፌ ከመስመሩ 22 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ቪትዟ የቆመችበት ቦታ 41።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ክረምት የምታድረው ዳገቱ ላይ፣ ከሱቁ ጎን ነው። አሁን ዘበኛው መስኮቴን ቢደበድብ ሌባ መሆኑን አውቃለሁ።