ስለ ደባርቅ ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ ትፈልጋላችሁ? እነዚህ ምልክቶች ይበቃሉ

ስለ ደባርቅ፣ ስለ ዳባትና ስለ ሰሜን ተራሮች አማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ የሚነበበውን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ መጻፍ ይችላል። ምልክቶቹ ያስፈራሉ እንጂ አይከብዱም። ለጀማሪ የሚበቁትን መርጠናል፤ የእርሳሷን ምልክት ነክታችሁ ግቡ።

✅ ርዕስ፦ == ፓርኩ ==
ለንዑስ ርዕስ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት እኩል ይሁን።

✅ ደማቅ ጽሑፍ፦ '''ደባርቅ'''
በሁለቱም በኩል ሦስት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ነው። ሁለት ሁለት ብቻ ካደረጋችሁ ፊደሉ ያዘነብላል።

✅ ዝርዝር፦ እያንዳንዱን መስመር በኮከብ ጀምሩ።
* ዋልያ
* ጭላዳ
* ቀይ ቀበሮ

✅ አዲስ አንቀጽ፦ አንዴ ወደ ታች መውረድ አይበቃም፤ መሀል ላይ ባዶ መስመር ተዉ።

✅ ሊንክ፦ [[ዳባት]]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሊንክ ላይ ነው። [[በደባርቅ]] ካላችሁ ቀይ ሊንክ ይወጣል፤ «በደባርቅ» የሚባል ገጽ የለማ! በ[[ደባርቅ]] ወይም [[ደባርቅ|በደባርቅ]] በሉ። ከቋሚ መስመሯ በፊት ያለው የገጹ ስም ነው፤ ከኋላዋ ያለው አንባቢ የሚያየው ነው።

ዓመቱንም ለዩ። ፓርኩ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። «እ.ኤ.አ.» ከተረሳች አንባቢው በኛ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ታሪኩም በ7 ወይም 8 ዓመት ይዛነፋል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት ቅድመ እይታውን እዩ። ቢበላሽም አትደንግጡ፤ የገጹ ታሪክ እያንዳንዱን ለውጥ ስለሚይዝ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።